ርቆ ሄዶ አገሩን ያየ ሠዓሊ፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የሕይወት ታሪክ

ሰው ዘወትር በዐይኑ ፊት ያለውን ነገር እንዳላየው ሆኖ ያልፈዋል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለውም ስለዚህ ነው። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብሎ ፊቱን ወደ ተከዜ መልሶ የሚቆም ሰው፥ ተራራ በተራራ ላይ ተደራርቦ፥ የቅርቡ ቀይና ቡናማ፥ የመካከለኛው ሰማያዊ፥ የሩቁም እንደ ጢስ የሳሳ ሆኖ ይታየዋል። በበጋ ድንጋይና አፈር ብቻ የነበረው መሬት በሐምሌና በነሐሴ አረንጓዴ ለብሶ ይገኛል። ነገር ግን ፍየል የሚጠብቀው ልጅ፥ እህል ተሸክማ ገበያ የምትወርደው እናት፥ ማሽላውን የሚኰተኩተው ገበሬ ይህን ቆሞ ለማየት ጊዜ የለውም። ተራራው ለእርሱ የሚወጣ ዳገት ነው፤ ደመናውም ዝናም ይዞ እንደ ሆነ የሚመረመር ምልክት ነው። ይህም የኑሮ ግዴታ እንጂ ስንፍና አይደለም።

የውጭው ዓለም ደግሞ ዋግ ኽምራን የሚያውቀው በሌላ መንገድ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1984 እና በ1985 የደረሰው ረኃብ ክፉኛ ከጎዳቸው አገሮች አንዱ ይህ ነበረ። በ2015 መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ያወጣው ቃል ኪዳንም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ ተሰየመ። ቃል ኪዳኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ አገር በችግሩ ብቻ ሲጠራ መልኩ ይረሳል። ዓለትን ፈልፍለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ያነጹ እጆች ከዚህ አገር ነበሩ፤ ዋግሹሞች ብዙ ዘመን የገዙትም ይህንኑ አገር ነው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የአገር መልክ በማን ዐይን ይታያል? በቀለምስ የሚጽፈው ማን ነው? የሚለውን ጥያቄ ለማሰብ ይረዳን ዘንድ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሕይወት በዛሬው ዕለት ባጭሩ እንተርካለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ፥ የብራና መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ የሚያስጌጡ ባለ ሙያ ነበሩ። ልጁም የቀለምን ነገር በመጀመሪያ ያየው ከአባቱ እጅ ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ቁርበቱ ይነከራል፥ ይወጠራል፥ ይፋቃል፤ ደርቆም ብራና ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸትና ከልዩ ልዩ ነገር ተበጥብጦ ይከርማል። ቀዩ ቀለም ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ይጠበቃል። የመቃው ብዕር ተቀርጾ ይስተካከላል። በመጽሐፉ መክፈቻም ላይ ሐረግ የሚባለው ጌጥ ይሣላል፤ ይህም መስመር ከመስመር ጋር፥ ቀለም ከቀለም ጋር ተጠላልፎ የሚሠራ ነው። በሐረጉ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሰውም የእንስሳም መልክ የለበትም፤ ሆኖም የሚያየውን ሰው ልብ ያሳርፋል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በአገራችን የነበረው የሥዕል ሙያ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግል ነበረ። ሠዓሊው የሚሥለው የመጻሕፍትን ታሪክና የቅዱሳንን ገድል ነው። ቅዱሱ ሁለት ዐይኑ እንዲታይ ፊቱ ሙሉ ሆኖ ይሣላል፤ ክፉው ግን በአንድ ዐይኑ ብቻ በጎን ይታያል። ተራራና ዛፍ፥ ወንዝና እርሻ በዚህ ሥዕል ውስጥ ቢገቡ ታሪኩ የተፈጸመበትን ስፍራ ለማመልከት እንጂ ስለ ራሳቸው አልነበረም። መሬቱን ስለ መሬቱ፥ ብርሃኑንም ስለ ብርሃኑ መሣል ለአገራችን ሠዓሊዎች ከውጭ አገር ትምህርት ጋር የመጣ አዲስ ነገር ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኢጣልያ አገር በቱሪን ከተማ የሥዕል ትምህርት ተምሮ ነበር። ከእርሱም በኋላ አገኘሁ እንግዳ በ1920ዎቹ ወደ ፓሪስ ተልኮ በዚያ ባለው በታወቀው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ገብረ ክርስቶስ እነዚህ በከፈቱት መንገድ የመጣ ነው፤ የሄደበት ርቀት ግን ከእነርሱ የተለየ ሆነ።

ልጅነቱ የኢጣልያ ወረራ ካለፈበት ዘመን ጋር የተገናኘ ነበረ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ትምህርቱን በአዲስ አበባ ቀጠለ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ከጦርነት ወጥታ አዲስ ሥራ የጀመረችበት ወራት ስለ ነበረ፥ የተማረ ሰው እጅግ ይፈለግ ነበረ። መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ የእርሻ ዐዋቂ፥ የሕግ ሰው ሁሉ በጣት የሚቈጠር ነው። ገብረ ክርስቶስም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል የሳይንስ ትምህርት ተማረ። ከዚያ በኋላ ግን ሥዕልን መርጦ ትምህርቱን ተወ።

ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም። በዚያን ዘመን ኮሌጅ የገባ ልጅ ለቤተ ሰቡ መከታ፥ ለመንግሥትም ተስፋ ነው። እንዲህ ያለውን ዕድል ጥሎ ቀለም መበጥበጥ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ ሞኝነት ይቈጠራል። ዛሬም ቢሆን ልጁ በከሰል ግድግዳ ላይ ፈረስና ተራራ ሲሥል ያየ አባት፥ ይህ ነገር እንጀራ አይሆንህም ብሎ መገሠጹ የተለመደ ነው። አባትየው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ረኃብን ያየ ሰው ስለ ልጁ እንጀራ አስቀድሞ ያስባልና። በዚህም ምክንያት ስንት ተሰጥዎ በቡቃያነቱ እንደ ደረቀ ቈጥሮ ሊነግረን የሚችል የለም።

ገብረ ክርስቶስ በ1957 ወደ ምዕራብ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ኮሎኝ በራይን ወንዝ ዳር ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባ አብዛኛው ክፍልዋ ፈርሶ፥ ትልቁ ካቴድራልዋ ግን በፍርስራሹ መካከል ቆሞ ቀርቶ ነበር። ኢትዮጵያዊው ተማሪ በደረሰ ጊዜ ጦርነቱ ካለቀ ገና አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ሕዝቡም ቤቱን እንደ ገና ይሠራ ነበረ፤ ሠዓሊዎቹም ሥዕልን እንደ ገና ከመሠረቱ ይመረምሩ ነበረ። በናዚ መንግሥት ዘመን የተከለከለው አዲሱ አሣሣል በዚያን ጊዜ ተመልሶ በአደባባይ ይታይ ጀመረ።

ይህ አሣሣል ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ብንገልጸው መልካም ነው። አንዱ ወገን፥ የሚታየውን ነገር እንደ ፎቶግራፍ መቅዳት ትቶ፥ ሠዓሊው በልቡ የሚሰማውን ኀዘንና ደስታ በብርቱ ቀለምና በተጣመመ መስመር የሚገልጽ ነው። ሁለተኛው ወገን ከዚህም አልፎ፥ የሰውንና የዕቃን መልክ ፈጽሞ ትቶ፥ ቀለምና መስመር ብቻቸውን እንዲናገሩ የሚያደርግ ነው። ገብረ ክርስቶስ ሁለቱንም ተማረ። በ1961 ትምህርቱን በከፍተኛ ማዕርግ ፈጸመ፤ በ1962ም በዚያው በኮሎኝ ከተማ ሥራዎቹን ለብቻው ለሕዝብ አሳየ። በጥናቱም ጊዜ የአውሮፓን ሙዚየሞችና ሥዕሎች ለማየት ችሎ ነበር።

በውጭ አገር ሳለ ቀለም ብቻውን አልበቃውም፤ ግጥምም ይጽፍ ነበረ። በ1959 በኮሎኝ ሳለ «ሀገሬ» የሚለውን ግጥም ጻፈ። በዚህ ግጥም የአገሩን ፀሐይና ቀለም፥ ደጋውንና ቆላውን፥ ነፋሱንና ልምላሜውን በናፍቆት ይዘረዝራል። የጀርመን ክረምት ረጅም ነው፤ ሰማዩ ለብዙ ወራት ግራጫ ሆኖ ይከርማል፤ ፀሐይም በቀትር እንኳ ዝቅ ብላ ታልፋለች። በዚያ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ የሐረር ልጅ፥ በአገሩ ሳለ እንደ ተራ ነገር ያልፍበት የነበረው ብርሃን ምን ያህል ሀብት እንደ ነበረ ተረዳ። ስለዚህ ርቆ መሄዱ አገሩን አላስረሳውም፤ እንዲያውም አሳየው። ግጥሙ ዛሬም በአማርኛ ከተጻፉት የታወቁ የአገር ግጥሞች አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር ሰው ብቻ የደረሰ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ጫፍ ላይ ፊንላንድ የምትባል የሐይቅና የደን አገር አለች። በዚያ አገር በ1865 የተወለደ አክሴሊ ጋለን-ካሌላ የሚባል ሠዓሊ ነበረ። በዚያን ጊዜ ፊንላንድ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች፤ ነጻነትዋን ያገኘችው በ1917 ነው። ይህ ሰው በ1884 ወደ ፓሪስ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ከተማረም በኋላ የፓሪስን አደባባይ ሲሥል አልኖረም፤ ወደ አገሩ ደን ተመልሶ በጫካ መካከል ቤት ሠርቶ፥ ሐይቁንና በረዶውን፥ የገበሬውንም ኑሮ፥ ካሌቫላ የሚባለውንም የሕዝቡን የጥንት ተረት ሣለ። በ1905 የሣለው የኬይቴሌ ሐይቅ ሥዕል አንዱ ቅጅ ዛሬ በሎንዶን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ተሰቅሎ ይታያል። በውኃው ላይ ነፋስ ያለፈበት የብር መስመር ብቻ የሚታይበት ትንሽ ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ሐይቁን በዐይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ አገሪቱን በዚያ ያውቃታል። በ1909ም ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ናይሮቢ ከተማ መጥቶ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ፤ የአፍሪካን ፀሐይ ባየ ጊዜ ቀለሙ እንደ እሳት ጋለ። በ1931 ሞተ። የፊንላንዱ ሰው ከበረዶ ወደ ፀሐይ መጣ፤ የእኛው ሰው ከፀሐይ ወደ በረዶ ሄደ። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ ሰው የሌላውን አገር ብርሃን ሲያይ የራሱን አገር ብርሃን ይለያል።

ገብረ ክርስቶስ በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረተው በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። በ1963 ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ተመልካቹ ሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ አዲስ በር ተከፈተ ብሎ ተደሰተ። ሌላው ግን፥ ይህ ሥዕል የኢትዮጵያ አይደለም፥ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፥ ምን እንደ ሆነም አይታወቅም ብሎ ነቀፈው። ክርክሩም በዚያን ዘመን በተማሩት ሰዎች መካከል ብዙ ጊዜ ቆየ።

እኛ ስለዚህ ነቀፋ የምንለው አለን። መልክ የሌለበት ሥዕል ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው ማለት ፈጽሞ ትክክል አይመስለንም። ከላይ ያነሣነው የብራናው ሐረግ መልክ የሌለበት ሥዕል አይደለምን? የነጠላው ጥለት፥ የመሶቡ ስፌት፥ የመስቀሉ ቅርጽ ሁሉ በመስመርና በቀለም ብቻ የተሠራ ነው። የዋግ እናት ስፌትዋን ስትሰፋ ቀዩን ከጥቁሩ፥ አረንጓዴውንም ከቢጫው እያቀያየረች ስትሄድ፥ ይህ የምን መልክ ነው ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ማማሩን ያያል እንጂ። የብራና ሠዓሊ ልጅ የሆነው ገብረ ክርስቶስ በኮሎኝ የተማረው ነገር ከአባቱ ሙያ ፈጽሞ የራቀ አልነበረም። ነቃፊዎቹም ግን አንድ እውነት ነበራቸው፤ አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው ለሕዝቡ እንዲገለጥለት የማስረዳት ዕዳ አለበት። ገብረ ክርስቶስም ይህን ዕዳ በመምህርነቱ ከፍሏል ብለን እናምናለን።

በ1963 «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል ሠራ፤ በዚህም ከጥንት ጀምሮ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሲሣል የኖረውን የስቅለት ታሪክ በአዲሱ አሣሣል አቀረበው። በ1966 ደግሞ ምስል የሌለበትን፥ በአረንጓዴ ቀለም የተሠራውን የታወቀ ሥዕሉን ሠራ። ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱ የአባቶቹን ታሪክ፥ ሁለተኛው ቀለምን ብቻ የያዘ ስለ ሆነ፥ ሠዓሊው አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ ሰው አለመሆኑ ይታወቃል። የከተማውን ድኻ ሰው፥ የቆርቆሮ ጣሪያውንና የሰፈሩን ኑሮም ሣለ። ውበትን ፈልጎ ችግሩን አልሸሸገም፤ ችግሩንም አይቶ ውበቱን አልካደም።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ሸለመው። የተሸለመውም ምስል የሌለበትን አሣሣል ወደ ኢትዮጵያ በማስገባቱ ነው። በ1966 ሠዓሊ እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመረ ጊዜ፥ የሁለቱ ትምህርት ተደምሮ ለተከታዩ ትውልድ ብርቱ መሠረት ሆነ። ከእነርሱ የተማሩት ሠዓሊዎች ዛሬ በአገር ውስጥና በውጭ አገር የታወቁ ናቸው። ገብረ ክርስቶስም በግጥሙ በኩል የቤት አመታቱንና የቃላቱን ልማድ ለቀቅ አድርጎ፥ ለአማርኛ ግጥም አዲስ አካሄድ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ሆኖ ተቈጠረ።

በ1974 የመንግሥት ለውጥ ሆነ። ከዚያም በኋላ የመጣው ዘመን ለብዙ ሰው የፈተና ዘመን ነበረ። በነጻ ማሰብና በነጻ መሣል አስቸጋሪ ሆነ፤ ብዙ የተማረ ሰውም አገሩን እየለቀቀ ተሰደደ። ገብረ ክርስቶስም በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከአገሩ ወጣ። ተምሮ ወደ ነበረበት ወደ ጀርመን አገር፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደ። በመጀመሪያ ሲሄድ ተማሪ ነበረ፥ የሚመለስበትንም ቀን ያውቅ ነበረ፤ በሁለተኛው ግን ስደተኛ ሆኖ ሄደ፥ የሚመለስበትም ቀን አልተቈረጠለትም። በመጋቢት ወር 1981 በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ግዛት ላውተን በምትባል ከተማ፥ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። የአገሩን ፀሐይና ነፋስ በግጥም የዘረዘረ ሰው ያን ፀሐይ ሳያይ በሰው አገር ዐረፈ።

ሰው ቢሞት ሥራው ግን ይቀራል። ግጥሞቹ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ታተሙ። በጀርመን አገር ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹም በወዳጆቹና በሁለቱ አገሮች ተቋማት ድካም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በ2008 በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አጠገብ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፥ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ተከፈተ። ሠዓሊው በሕይወቱ ሊመለስበት ያልቻለውን መንገድ ሥዕሎቹ ተመለሱበት። ይህን ስናስብ ደስታና ኀዘን በአንድነት ይሰማናል። ሥዕሉን ለመመለስ የደከምነውን ያህል፥ ሠዓሊው ሳይሰደድ እንዲኖር ደክመን ብንሆን ኖሮ ስንት ተጨማሪ ሥራ በተገኘ ነበረ?

እንግዲህ ይህን ታሪክ የተረክነው ለትካዜ ብቻ አይደለም። ከእርሱ ሦስት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፥ ተሰጥዎ ከቤት ይጀምራል፤ አለቃ ደስታ ቀለማቸውን ከልጃቸው ዐይን ባይሸሽጉ ኖሮ ይህ ሠዓሊ ባልተገኘ ነበር ለማለት ይቻላል። ሁለተኛው፥ የውጭ አገር ትምህርት የሚጠቅመው ዐይንን ለራስ አገር የከፈተ እንደ ሆነ ነው፤ የሌላውን ብቻ አይቶ የራሱን የሚንቅ ሰው መንገዱን በከንቱ ደክሟል። ሦስተኛው፥ ባለ ሙያን በሕይወቱ ሳለ ማክበር ከሞተ በኋላ ቤት ከመሥራት ይቀድማል።

ዛሬም በዋግ ኽምራ ደጋ ፍየል ሲጠብቅ ውሎ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በነጭ ጠጠር የተከዜን ሸለቆ የሚሥል ልጅ ይኖራል። ትልቅ ሠዓሊ ይሆን ዘንድ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ይሆናልና። ነገር ግን አባቱ ድንጋዩን ከእጁ ቀምቶ ከመጣል ይልቅ ለአፍታ ቆሞ ቢያይለት፥ መምህሩም ወረቀትና እርሳስ ቢሰጠው፥ ሹማምንቱም በትምህርት ቤቱ የሥዕልን ሰዓት እንደ ትርፍ ነገር ባይቈጥሩት፥ የሚጠፋው ነገር ጥቂት፥ የሚገኘው ግን ብዙ ነው። የሰቆጣ ስም ከረኃብ ጋር ብቻ ተያይዞ እንዳይቀር፥ እህሉን የሚያበቅለው ገበሬ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፥ ተራራውን በቀለም ጽፎ ለዓለም የሚያሳየው የራሱ ልጅ ያስፈልገዋል። እህሉ ሰውነትን ያቆማል፤ መልኩን ያወቀ ሕዝብ ደግሞ በራሱ ክብር ይቆማል።